ሰንሰለቱ መቼ ነው የተከለከለው?

ክቡር አዘጋጅ፣

በአሜሪካዋ የቴነሲ ግዛት ስለሚረቡት ሰጋር ፈረሶች ያወጣችሁትን ዘገባ ሳነብ «እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የፈረስ ጥበቃ ሕግ በትርዒት ፈረሶች እግር ላይ ሰንሰለት ማሰርን ከልክሏል» የሚለው ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። እኔ እዚያው ቴነሲ ውስጥ ፈረስ አርቢ ነኝ። ተከልክሎ ከሆነ በየትርዒት ሜዳው የሚንሿሿው ምንድን ነው? የአንገት ሐብል?

ሕጉ የሚከለክለው እግሩን ሆን ብለው ያቆሰሉትን ፈረስ ለትርዒት ማቅረብን፣ መሸጥንና ለዚሁ ማጓጓዝን ነው። ሰንሰለቱን ግን የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ደንብ እስከ 6 አውንስ፣ ማለትም እስከ 170 ግራም ድረስ ይፈቅደዋል። ሚኒስቴሩ በ2024 ሰንሰለቱንም፣ ከሰኮናው ሥር የሚደራረበውን ወፍራም ንጣፍም የሚያግድ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ የቴክሳስ የፌዴራል ፍርድ ቤት ያንን ክፍል ሻረው። ሰንሰለቱንና ንጣፉን በሕግ ሊከለክል የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት በ333 ለ96 ድምፅ ያሳለፈው ረቂቅም ሴኔት ላይ ቀረ። ዘጋቢያችሁ ይህን ሁሉ ጣጣ በአንዲት «ከልክሏል» ገላገሉን። እግዜር ይስጥልን!

170 ግራም ምን ይጎዳል የሚል አይጠፋም። ከሰኮናው በላይ ያለው ስስ ቆዳ በሰናፍጭ ዘይት ወይም በነጭ ጋዝ ተለብልቦ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ካደረ በኋላ ግን ሰንሰለቱ በየእርምጃው ቁስሉን ይመታዋል። ፈረሱ ሕመሙን ሽሽት የፊት እግሩን ወደ ደረቱ ሲያነሳ ተመልካች ያጨበጭባል። በትርዒቱ ላይ ቁስል የሚፈትሸው ተቆጣጣሪ እግሩን በአውራ ጣቱ ሲጫነው ፈረሱ እንዳይሸማቀቅም አስቀድመው ያለማምዱታል፤ ሲነኩት ከተነቃነቀ ዱላ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ተቆጣጣሪዎቹን ሲያሰለጥኑና ሲያሰማሩ የኖሩት ደግሞ የዚያው የትርዒት ዘርፍ ድርጅቶች ናቸው። ጅብን የሥጋ ዘበኛ ማድረግ ይሉታል ይህ ነው።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላም አለ። ይህ ዝርያ ስግሪያው አብሮት የተወለደ ነው፤ ያለ ሰንሰለት፣ በተራ የብረት ጫማ የምንጋልበው ብዙ ነን። በዘገባው ውስጥ አንድም መስመር አልተሰጠንም። ፎቶው ሥር «የቴነሲ አርቢዎች» ብላችሁ ጅምላ ስለጻፋችሁ የማውቃቸው ሰዎች «አንተም ኬሚካል ትቀባለህ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ከአንድ የትርዒት ጋጣ የገዛኋት ባዝራ አለችኝ። የፊት እግሮቿ ከሰኮናው በላይ ፀጉር አያበቅሉም፤ ቆዳው ተጨማዶ ደድሯል። ሰኮናዋን ላጸዳ ጎንበስ ስል ዛሬም ትንቀጠቀጣለች። እሷን ያቆሰሏትም እኔም በእናንተ ገጽ ላይ «አርቢዎች» ነን!

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልን። የፎቶው መግለጫም ይስተካከል፤ የማን ጋጣ እንደሆነ ዘጋቢያችሁ ያውቁታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቴነሲ ፈረስ አርቢ