ለአፍንጫ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አትቸኩሉባት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ታናሽ እህቴ ውጭ አገር ሄዳ አፍንጫዋን ለማሳመር ሲሊከን የሚባል ሰው ሠራሽ ዕቃ ውስጡ አስገብታ ነበር። ኢንፌክሽን ፈጠረና ወጣላት። አሁን የአፍንጫዋ ጫፍ ወደ ላይ ተሰብስቧል፤ ቆዳው ቀልቷል፣ ሲነኩት ድርቅ ያለ ነው። ወደ ከዚራ ሰፈር ስንወጣ በዚያ ሙቀት ፊቷን በሻሽ ትሸፍናለች። አንጀቴን ትበላዋለች።

ታዲያ ያየ ሁሉ «ቶሎ አሠሪው» ይላታል። ለሕክምናው ያገናኘቻት ደላላ ደግሞ ደውላ «ሌላ ሲሊከን በቅናሽ» አለቻት። በጣም ነው የተናደድኩት!

ባክቴሪያ ሲሊከኑ ላይ ተጣብቆ ስስ ሽፋን ይሠራል። መድኃኒት ብቻውን እምብዛም አያጠፋውም፤ ዕቃው የሚወጣው ለዚህ ነው። ከወጣም በኋላ እብጠቱ ይቆያል፣ ጠባሳው ይኮማተራል። ብዙ ሐኪሞች ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ጠብቁ የሚሉት ቆዳው እስኪለሰልስ ነው። ጠባሳው አፍንጫውን ያሳጥረዋል ብለው ቀደም ብለው የሚሠሩም አሉ። እነሱም ቢሆኑ ኢንፌክሽኑን ተቆጣጥረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከራሷ ከጆሮዋ ወይም ከጎድኗ በሚወሰድ ለስላሳ አጥንት ነው የሚሠሩት። ጊዜውን የሚወስነው ቆዳውን በእጁ ዳስሶ ያየ ሐኪም እንጂ ደላላ አይደለም።

እህቴ ይዛ የተመለሰችው ደረሰኝ ብቻ ነው። ምን ባክቴሪያ እንደተገኘ፣ ምን መድኃኒት እንደተሰጣት የሚገልጽ ወረቀት የላትም። ለቀጣዩ ሐኪም ግን ይሄ ያስፈልገዋል። እባካችሁ አንድ የዘርፉን ሐኪም ጋብዙና፣ ውጭ ታክሞ የሚመለስ ሰው የትኞቹን ሰነዶች መቀበል እንዳለበት ጻፉልን።

አንዲት እህት፣ ከድሬዳዋ