ከዘውዱ ዓመት በኋላ ለአባቴ የተጻፈ ደብዳቤ

ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እናቴስ እንዴት ናቸው? የጨንቻ ብርድ አልጠናባችሁም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ክረምቱ እዚህም በርትቷል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ በራችን ላይ ያለውን መንገድ ቦርቡሮታል፤ ቤቱ ግን ደህና ነው፣ የሽመና ክፍሉ ጣሪያም አላፈሰሰም። የሽመናውን ጉድጓድ በጣውላ ከድኜ፣ ዕቃዎን በማዳበሪያ ሸፍኜ አስቀምጫለሁ።

ይህን ደብዳቤ ወንድሜ ጮክ ብሎ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። ስለዚህ ለእሱም አንድ ቃል አለኝ፦ ወንድሜ፣ አንድም መስመር ሳትዘል አንብብላቸው፤ እኔን የሚያሳፍር ቦታ ላይ ስትደርስም እንዳትቆም።

የቁንጅና ውድድሩን ዘውድ ለተተኪዬ ካስረከብኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በስልክ «እንግዲህ ተገላገልሽ» ሲሉኝ አዎ ብዬ ወሬውን ወደ ሌላ መለስኩት። ያ ዓመት ምን እንዳስተማረኝ በስልክ ልነግርዎት አልቻልኩም፤ ነገሩ የሚጀምረው እርስዎን ከበደልኩበት ምሽት ነውና።

ውድድሩን ልግባ ብዬ ፈቃድዎን በጠየቅኩ ጊዜ እርስዎ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልብስሽን አውልቀሽ ትቆሚያለሽ ወይ?» አሉኝ። ዕድሜዎን ሙሉ ሰው ሲያለብሱ ለኖሩት ለእርስዎ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ እንደሌለ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። የዓለም ቁንጅና ውድድር በ1951 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሲጀመር ቆነጃጅቱ በዋና ልብስ ይቀርቡ እንደነበር፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ግን አዘጋጆቹ ያንን ዙር እንዳስቀሩት ነገርኩዎት። የእኔም ውድድር የዋና ልብስ ዙር አልነበረውም። እርስዎም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲያስ ልብሱን እኔ እሠራዋለሁ» አሉ።

ያን ቀሚስ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሠሩት። ፈትሉ እናቴ በእንዝርት የፈተሉት ነበር። ጥለቱ ላይ ሲደርሱ ዓይንዎ ስላስቸገረዎት ክሩን በጣትዎ ጫፍ እየዳበሱ ይቆጥሩ እንደነበር አስታውሳለሁ። ማጉን በቀሰም ላይ የማጠነጥንልዎት እኔ ነበርኩ። የመወርወሪያው ድምፅ ሲቆም ተሳስተው ለመፍታት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ እርስዎም «ልጄ፣ ስሕተቱን ሌላ ሰው ባያየው እኔ አየዋለሁ» ይሉ ነበር።

በውድድሩ ምሽት በባህላዊ ልብስ ዙር ያንን ቀሚስ ለብሼ ወጣሁ። የመድረኩ መሪ ልብሱን አድንቆ «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» ብሎ ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋ። እኔም «አባቴ የባህል ልብስ ነጋዴ ናቸው» አልኩ። ይህን ስል እርስዎ ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ጋቢዎን ተከናንበው ቆመው ነበር። አሸንፌ ስወጣ ግንባሬን ሳሙኝ፤ ታክሲ ውስጥም ታኮ ጫማዬን የያዘውን ፌስታል ጭንዎ ላይ አድርገው እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ምንም ሳይናገሩ መጡ። ሰምተውኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩዎትም። ማይኩ ግን ከፍ ያለ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ብዙ አስቤበታለሁ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ልጅ በክፍል ፊት «ቁጢት በጣሽ» ብሎ ሰድቦኝ ነበር፤ ለእርስዎ አልነገርኩም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው እንደነበርና በአዋጁም ሸማ ሠሪው የሚሰደብበት ይህ ቃል ተነሥቶ እንደተወገዘ በኋላ አንብቤአለሁ። አዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ቢያልፍም ስድቡ እኔ ጋ ደርሷል። ይህን የምጽፈው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም። የሰደበኝ ልጅ በአንድ ክፍል ፊት የተናገረውን ነገር እኔ በብዙ ሰው ፊት፣ በጨዋ ቃል፣ አጸናሁለት።

ሰው የዘውድ ዓመት ሲባል ፎቶግራፍና ግብዣ ብቻ ይመስለዋል። እሱም ነበረ፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። ከተነገረኝ ሽልማትም ግማሹ አልደረሰኝም፤ አሁን ግን ብዙም አያስቆጨኝም። ዓመቱን ሙሉ ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ ጥብጣብ ያጠለቀ ሰው የሚናገረውን ሁሉ ሕዝብ እንደ እውነት የሚቀበለው መሆኑ ነው። እናቴ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚሉትን ከልጅነቴ ጀምሮ ብሰማውም የገባኝ በዚህ ዓመት ነው።

ኅዳር ላይ በሱሉልታ መንገድ ወደሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሄጄ ከሴት ተማሪዎች ጋር ስለ ወር አበባ ተነጋገርን። ብዙዎቹ በእነዚያ ቀናት ሞዴስ ስለሌላቸው ከትምህርት እንደሚቀሩ ነገሩኝ። አንዲት ልጅ ፀሐይ እየከረረ ሹራቧን በወገቧ ላይ አስራ፣ ከግድግዳው ጀርባዋን ሳታላቅቅ ቆማ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። በዚያው ሳምንት አንድ ስፖንሰር በስልክ እናግዛለን ስላለኝ፣ ከእጄ ሳይገባ «በሁለት ወር ውስጥ ለሁላችሁም ይመጣል» ብዬ ቃል ሰጠሁ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ስፖንሰሩ ግን መጀመሪያ ቀጠሮ አራዘመ፣ በኋላም ስልክ ማንሳት ተወ።

አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ወደዚያ ትምህርት ቤት ላለመመለስ ለራሴ ብዙ ምክንያት ፈጥሬ ነበር። ሌላ ፕሮግራም አለብኝ፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ ልጆቹም ረስተውታል እያልኩ አራት ወር አሳለፍኩ። መጨረሻ ላይ መጋቢት አጋማሽ ላይ ባዶ እጄን ሄድኩ። ርእሰ መምህሯ ልጆቹን መሰብሰብ አያስፈልግም፣ እኔ እነግራቸዋለሁ አሉኝ፤ እኔ ግን ለመንኳቸው። በሰልፍ ቦታ ላይ ቆሜ ቃሌን እንዳልጠበቅኩ፣ የማላዝበትን ነገር ቃል መግባቴም ጥፋት እንደነበረ ነገርኳቸው። ማንም አላጨበጨበም። ያቺ ሹራብ አስራ የነበረችው ልጅ «ታዲያ መቼ ነው?» አለችኝ። «አላውቅም፤ ሳውቅ እነግርሻለሁ» አልኳት። በዓመቱ ውስጥ በጥያቄና መልስ ከመለስኳቸው መልሶች ሁሉ ዛሬም ሳልቀይር የምደግመው ይህንን ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ትንሽ ነገር ነው። በስጦታ ካገኘኋቸው ልብሶች ሁለቱን ሸጥኩ፣ ከገበያ ፍላኔላ ገዛሁ፣ ከእኛ ግቢ ጀርባ ያሉት ልብስ ሰፊ በሲንጀራቸው ታጥቦ መልሶ የሚያገለግል ሞዴስ ሰፉልኝ። ለ64 ልጆች ሁለት ሁለት ደረሳቸው። ይህን ያህል ብቻ ነበር፤ ስወስድም ከዚህ ሌላ ምንም ቃል አልጨመርኩም።

ግንቦት 23 ቀን የኢትዮጵያዋ ሃሴት ደረጀ በሕንድ አገር ሃይደራባድ ከተማ በተካሄደው የዓለም ቁንጅና ውድድር ከ100 በላይ ከሚሆኑ አገሮች ቆነጃጅት መካከል ሁለተኛ ስትወጣ ሰፈራችን እልል ብሎ ነበር። አንደኛ የወጣችው የታይላንዷ ልጅ ናት። ደስታዬ ከልብ ነበር፤ አገሯን ያስጠራች ልጅ ናት። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ትምህርት ቤቶች እኔንም ደጋግመው ይጋብዙኝ ጀመር፤ ሰኔ ላይ በእኛው አካባቢ፣ የሸማኔ ልጆች በብዛት በሚማሩበት ትምህርት ቤት ተገኘሁ።

ተማሪዎቹ ራሳቸውን እንዲያስተዋውቁ ስንጠይቅ ከፊት የተቀመጠች፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ ተነሣች። ስሟን ተናገረችና «አባቴ የባህል ልብስ ነጋዴ ነው» አለች፤ ይህን ስትል ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ጠጉሯ ላይ ግን የጥጥ ብናኝ ነበረ። የቀኝ እጇ ጠቋሚ ጣት ላይ ክር የሚያሰምረው ያ ቀጭን ምልክት ነበረ። በእኔም ጣት ላይ ለብዙ ዓመት የነበረ ምልክት ስለሆነ ልሳሳተው አልችልም፤ ያቺ ልጅ በዚያ ጠዋት ለአባቷ ቀሰም አጠንጥና መምጣቷ ነው። በቴሌፎን የተቀረጸውን የእኔን ንግግር አይታ ይሁን ወይም ከራሷ አውጥታ ይሁን አልጠየቅኳትም። አጠገቤ የተቀመጡት መምህርት «ጎበዝ!» አሏት። እኔ ግን የራሴን ድምፅ ከሕፃን አፍ ሰማሁ፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ የተዘጋጀሁበትንም ንግግር መጨረስ አልቻልኩም።

ስብሰባው ሲያበቃ ጠራኋትና ጣቷን ያዝኩ። «እኔም ቀሰም አጠነጥን ነበር፤ አባቴ ሸማኔ ናቸው» አልኳት። ከዚያ በፊት ይህን ቃል ለማንም እንግዳ ሰው ተናግሬው አላውቅም። ልጅቱም ቀና ብላ «ጥለት ይሠራሉ ወይስ ጋቢ ብቻ?» አለችኝ፤ ባለሙያ ለባለሙያ እንደሚጠይቀው። ሁለቱንም ይሠሩ እንደነበር፣ ጥለትዎም በሰፈሩ የታወቀ እንደነበር ነገርኳት።

ዘውዱን በማስረክብበት ምሽት ሁለት ደቂቃ ሰጡኝ። አዘጋጆቹ ለስፖንሰሮቹ ምስጋና ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር፤ ምስጋናውን ካነበብኩ በኋላ ወረቀቱን አጥፌ ያዝኩ። ያንኑ ቀሚስ ለብሼ ነበር። «የዛሬ ዓመት በዚህ መድረክ ላይ አባቴ ነጋዴ ናቸው ብዬ ነበር፤ ውሸቴን ነው። አባቴ ሸማኔ ናቸው። ይህን ቀሚስ በገዛ እጃቸው የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ፈትሉን የፈተሉት እናቴ ናቸው» አልኩ። ሰዉ እንደ ወትሮው አጨበጨበ፤ የመድረኩ መሪም ወደሚቀጥለው ፕሮግራም አለፈ። እኔ ግን ዓይኔ በበሩ አጠገብ ባለው ቦታ ላይ ነበር፤ እርስዎ አልነበሩም፣ ቦታው ላይ አንድ ጥበቃ ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ አባባ፣ ለሰዉ የነገርኩትን ለእርስዎም መንገር ስላለብኝ ይህን ጽፌአለሁ። ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ለመስቀል እመጣለሁ፤ የአርባ ምንጭ መኪና ትኬት ቀድሜ እቆርጣለሁ። ቀሚሱንም ይዤው እመጣለሁ። በቀኝ በኩል፣ ከጥለቱ በላይ፣ አንድ ማግ ተመዟል፤ ከመኪና ስወርድ የበሩ ብረት ይዞት ነው። እዚህ ያሉ ሰዎች እንጠግነው ቢሉኝም አልሰጠኋቸውም። ዓይንዎ ቢደክምም ጣትዎ ቦታውን እንደማይስተው አውቃለሁ፤ እኔም አጠገብዎ ተቀምጬ ክሩን እይዝልዎታለሁ።

እናቴን እጅ ነሥታለች በሉልኝ።

ልጅዎ