ከመጪው ውድድር በፊት ስለ ባሩዳችን

የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣

ባለፈው ልምምድ ብዙዎቻችሁ ባሩድ እንቀይር ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። እኔ አሁኑኑ አትቀይሩ እላለሁ። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተፈጠረው፣ 6 ሚሊሜትር ፒፒሲ የተባለው ጥይት ከፊንላንዱ የቪህታቩሪ ኩባንያ ኤን133 ባሩድ ጋር ተስማምቶ ዓመታት ዘልቋል። ይህ ባሩድ ግን ሙቀትና እርጥበት ሲለወጥ ጠባዩ ይለወጣል፤ ተወዳዳሪዎች እዚያው ተኩስ ሜዳ ላይ፣ በዙሮች መካከል ቀለሃቸውን የሚሞሉትም በዚህ ምክንያት ነው። የሆጅደን ኩባንያ ኤች322 ባሩድ ደግሞ ለሙቀት ለውጥ እንዲጸና ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ለጀማሪ ይቀላል።

በ100 ያርድ ዒላማ ላይ አምስቱ ቀዳዳዎች ወደ ላይና ወደ ታች ከተዘረዘሩ የባሩዱን መጠን እንጠርጥር። ወደ ጎን ከተበተኑ ግን መጀመሪያ ነፋሱን እንመልከት። የነፋስን ጥፋት በባሩድ ላይ እየለጠፍን ስንት ጥሩ ቅዳሜ አባክነናል! ትክክለኛውን የባሩድ መጠን ስትፈልጉ አረሩን፣ ካፕሱሉን (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን) እና አረሩ ቀለሃው ውስጥ የሚገባበትን ጥልቀት አትንኩ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ጻፉትም።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ባሩዱን መስፈሪያው ውስጥ አታሳድሩት። የደረቀ ባሩድ ፈጥኖ ይነድዳል፤ የትናንቱ መጠን ዛሬ ግፊቱ ሊያይል ይችላል። የተረፈውን ወደ ራሱ ዕቃ መልሱ፤ ሁለት ዓይነት ባሩድ ፈጽሞ አትቀላቅሉ። መነሻችሁ የአምራቹ መጽሐፍ ዝቅተኛ መጠን ይሁን፤ ከፍተኛውንም አትለፉ።

ማስታወሻ ደብተሮቻችሁን ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ።