«እግር ያቀጥናል» የሚባለው ካልሲ እና ልብ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በቴሌግራም «እግር ያቀጥናል» እየተባለ የሚሸጠው ኮምፕሬሽን ካልሲ (እግርን ጨምቆ የሚይዝ ካልሲ) እግር አያቀጥንም። ሊፔዴማ ያለባት ሴት ብትለብሰው ስቡ ባለበት ይቆያል፤ የሚቀልላት ሕመሙና የእግሯ መክበድ ነው።

ሊፔዴማ ስብ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት በሁለቱም እግር እኩል የሚከማችበት፣ ሲነኩት የሚያም፣ በትንሽ ግጭት የሚበልዝ ሕመም ነው። ከዝሆኔ ጋር እንዳይምታታ መርገጫውን ማየት ይረዳል፤ ዝሆኔ ከጣትና ከመርገጫ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሊፔዴማ መርገጫውን አይነካም።

ስለ ልብ ግን ሻጩም ገዢዋም አያነሡም። ካልሲው በእግር ደም መልሶች የተጠራቀመውን ደም ሲጨምቅ ደሙ የሚሄደው ወደ ልብ ነው። ጤነኛ ልብ የመጣለትን ያህል በርትቶ ይረጫል፤ ችግር የለም። በድካም የተያዘና ገና በመድኃኒት ያልተረጋጋ ልብ ግን ተጨማሪው ያቅተውና ውሃ ሳንባ ላይ ይቋጠራል። ጋደም ስትል ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ትራስ መደራረብ የጀመረች ወይም በ3 ቀን 2 ኪሎ የጨመረች ሴት ካልሲውን አውልቃ በዚያው ቀን ሐኪም ትይ። በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ እብጠት ካለም ልብና ኩላሊት ሳይመረመሩ ካልሲ አይገዛ።

ወደ እግር ደም የሚያደርሰው ደም ቅዳም አለ፦ ቁርጭምጭሚት ላይ የተለካው የላይኛው የደም ግፊት ክንድ ላይ ለተለካው ሲካፈል ከ0.5 በታች ከመጣ ካልሲው ክልክል ነው። በስኳር ሕመም እግሩ የደነዘዘ ሰው ደግሞ ካልሲው ሲቆርጠው አይሰማውም።

በጀርመን የካልሲ ግፊት አመዳደብ 2ኛው ደረጃ ቁርጭምጭሚት ላይ ከ23 እስከ 32 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይጫናል። እኩል የተለጠጠ ጨርቅ ቀጭኑን ቦታ አብልጦ ስለሚጨምቅ፣ «ሚዲየም» ተብሎ በግምት የተገዛው ቁርጭምጭሚት ላይ ያንቃል። ልክ የሚወሰደው ጠዋት፣ እግር ሳያብጥ ነው፦ ቁርጭምጭሚት፣ ባት፣ ከጉልበት በታች፣ ጭን። ሲረዝም ጫፉን ማጠፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ የታጠፈው ቦታ እጥፍ ይጫንና እንደ ገመድ ያስራል፣ ከሥሩ ያለው እብጠት ይብሳል። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ወዲያው ይውለቅ። በየቀኑ የሚለበስ ካልሲ 6 ወር ገደማ ሲሆነው ይላላል።

እሽጉ ላይ የግፊቱ ቁጥር ያልተጻፈበት ካልሲ ተራ ካልሲ ነው፤ ዋጋውም የተራ ካልሲ ይሁን።