ለሲስተርና ለኢንዶስኮፒ ክፍሉ ባልደረቦች በሙሉ የቀረበ ምስጋና

በሐሞት ቱቦዬ ውስጥ ተሰንቅረው የነበሩት ሦስት ጠጠሮች ያለ ቀዶ ጥገና፣ በአፌ በገባ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ (ኢንዶስኮፕ) ወጥተውልኝ እነሆ ቆሜ ለመጻፍ በቅቻለሁ። የደረሰብኝን አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት ዐይኔ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቴ ጠቁሮ፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጠኝ መግባቴን ብቻ ጠቅሼ ልለፈው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው ስማቸውን እንዳልጽፍ የለመኑኝን ሲስተር ነው። ለሐኪሙ የምወስዳቸውን መድኃኒቶች ስዘረዝር የደም ማቅጠኛውን ዘልዬው ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለዓመታት የዋጥሁት እንክብል እንደ መድኃኒት መቆጠሩ ቀርቶብኝ ነበር። ሲስተር ግን ወደ ክፍሉ ከመግባቴ በፊት ያንኑ ጥያቄ በሦስት መልክ ጠየቁኝ፤ በሦስተኛው ላይ ትዝ አለኝ። ጠጠሩን ለማውጣት የቱቦው አፍ በጥቂቱ መቀደድ ስላለበት፣ ያን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የመድማት አደጋው ከፍ ይላል። ስለዚህ ሐኪሙ በዚያን ቀን ሳይቀዱ ስቴንት የሚባል ትንሽ ቱቦ ብቻ አስገብተው የታገደው ሐሞት እንዲወርድ አደረጉ፤ ትኩሳቱም በረደልኝ። መቅደዱና ጠጠሮቹን በባሉን (በምትነፋ ትንሽ ፊኛ) እየጠረጉ ማውጣቱ፣ መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ ካቋረጥሁ በኋላ ለሁለተኛው ቀጠሮ ተላለፈ።

ሲስተር፣ ያን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ብቻ ጠይቀው ቢተዉትስ ኖሮ? ይህን እያሰብሁ ሌሊት የምነቃበት ጊዜ አለ።

ከሁለተኛው ሕክምና በኋላ ወደ ጀርባዬ የሚዘልቅ ሕመም ሲጀምረኝ ያልደነገጥሁትም በእርስዎ ምክንያት ነው። የሐሞት ቱቦና የቆሽት ቱቦ የሚከፈቱት በአንድ ቦታ በመሆኑ ቆሽት ሊቆጣ እንደሚችል፣ እንዲህ ያለ ሕመም ከተሰማኝም «ይለፍልኛል» ብዬ እንዳልደብቀው አስቀድመው አስጠንቅቀውኝ ነበር። ወዲያው ተናገርሁ፤ የደም ምርመራው ቆሽቴ መቆጣቱን አረጋገጠ፤ በጉሉኮስና በማስታገሻ ሁለት ቀን ተጨማሪ ተኝቼ ዳንሁ። ተረኛነትዎ አብቅቶ ሳለ ልብስዎን ቀይረው መጥተው አልጋዬ አጠገብ የቆሙበትን ምሽት ግን በጽሑፍ ልገልጸው ሞክሬ አልቻልሁም።

የቱቦዎቹን መንገድ በወረቀት ላይ ሥለው፣ ካሜራው ከመሣሪያው ጫፍ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎኑ የተቀመጠው የቱቦውን አፍ ፊት ለፊት ለማየት መሆኑን ሳይቀር በትዕግሥት ያስረዱኝን ሐኪም ከልብ አመሰግናለሁ። ይህ የመቅደድ ዘዴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1974 በጀርመንና በጃፓን ሐኪሞች ለየብቻ ይፋ የተደረገ መሆኑን የነገሩኝም እርሳቸው ናቸው፤ ለእነዚያ ሐኪሞችም ባለ ዕዳ ነኝ። የማደንዘዣ፣ የራጅና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ቤተሰቦቼ፣ ጓደኞቼና የሥራ ባልደረቦቼ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ስማችሁን ሳላነሣ የቀረሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በተለይ በተሽከርካሪ አልጋ ሲገፋኝ የተገለጠ እግሬን በብርድ ልብስ የሸፈነልኝን ወንድሜን፣ ፊቱን እንኳ አላየሁትም።

የጠጠሮቹ ምንጭ የሆነውን የሐሞት ከረጢቴን ለማስወጣት በቅርቡ እመለሳለሁ። የመድኃኒቶቼን ዝርዝር በወረቀት ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ፤ የደም ማቅጠኛው በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው፣ ሲስተር።