የካፒቴኑ ቃል ሳይጠፋ፦ ከሸዋ ሮቢት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ይድረስ በአገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ የሸዋ ሮቢት፣ የቀወትና የይፋት ልጆች፤ እንዲሁም አሰብ ተወልዳችሁ ወይም ሠርታችሁ ዛሬ በሰሜን ሸዋ ለምትኖሩ ወገኖቻችን ሁሉ።

እድራችን በሰጠን ቦታ ላይ አንድ ቤት ጀምረናል። ግማሹ ለተማሪዎች የንባብ ክፍል ይሆናል። በሌላው ግማሽ አሰብ የኖሩ ሰዎቻችን ቃል በድምፅና በጽሑፍ ይቀመጥበታል። የድንጋይ ግድግዳው እስከ መስኮት ደርሷል፤ ከዚያ በላይ ግን አቅም አጥሮናል። ይህን የምንጽፈው እጃችሁን እንድትዘረጉልን ነው። ቤቱ የታሰበው በአንድ ሰው ምክንያት ስለሆነ ከገንዘቡ በፊት ስለ እሳቸው እንናገር።

ሁላችንም ካፒቴን እያልን ነው የምንጠራቸው። ስማቸውን እዚህ ያላሰፈርነው እሳቸው ራሳቸው «ስሜ ገንዘብ መሰብሰቢያ አይሁን፤ ቤቱም በእኔ ስም አይጠራ» ብለው ስለለመኑን ነው። የአገሩ ሰው ማን እንደሆኑ ሳይነገረው ያውቃል።

ካፒቴን የሮቢ ወንዝ ዳር ልጅ ናቸው፤ ማሽላ ከወፍ ሲጠብቁ ነው ያደጉት። አገሩ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ በሚባልበት በዚያ ዘመን የአሰብ ተሳቢዎች ጣርማበርን ወርደው በከተማችን መሀል ያልፉ ነበር። ከዚህ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርገው ወደ ሚሌ፣ ከሚሌ ወደ ባሕሩ። ያ መንገድ ስንቱን ልጅ ይዞ ወረደ! አንዱ የሾፌር ረዳት ሆነ፤ አንዱ ወደብ ላይ ወዛደር፤ አንዱ ነዳጅ ማጣሪያው ገባ፤ አንዷ ምግብ ቤት ከፈተች። ካፒቴንም በረዳትነት ሄደው ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከሙ ቆዩ። ኋላ አንድ የአፋር ናኹዳ (የጀልባ አለቃ) ሳምቡክ በሚባለው የእንጨት ጀልባው ላይ ሰው ቢጎድልበት፣ ዋና የማያውቀውን ይህን የቆላ ልጅ አሳፍሮ ወሰደው።

«የሸዋ ሰውና ባሕር ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። ታሪካችንን ላስታወሰ ግን የሚገርም ነገር የለውም። ከአንኮበር ግርጌ ያለችው አልዩ አምባ ገበያዋ የቆመው የአፋር ግመሎች ከአሳል ሐይቅ በሚያመጡት ጨው ነበር። በ1833 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሀሪስ ለንጉሥ ሳህለ ሥላሴ መልእክት ይዞ የመጣው ከታጁራ ተነሥቶ በዚያው በግመል መንገድ ነው። በ1875 ደግሞ ጣሊያናዊው አንቶኔሊ ከንጉሥ ምኒልክም ከአውሳው ሡልጣን መሐመድ ሃንፈሬም ጋር ውል ተዋውሎ የአሰብን መንገድ ወደ ሸዋ ከፈተ። አያቶቻችን በእግርና በግመል ያቀኑትን አቅጣጫ ነው ካፒቴን በተሳቢ የሄዱበት።

የባሕሩን ነገር ሲያወሩ አድማጭ ሰዓቱን ይረሳል። ከበይሉል እስከ ራሃይታ ያለውን የባሕር ዳር፣ የትኛው ደሴት ሥር ድንጋይ እንዳለ፣ የትኛው ጥግ ከነፋስ እንደሚያስጥል፣ ዛሬም ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆጥሩታል። በበጋው ወራት ከባብ ኤል መንደብ በኩል የሚነሣው የደቡብ ነፋስ ጀልባን ቀናት አስሮ ያቆማል፤ በእኛ ክረምት ደግሞ ነፋሱ ዞሮ ከሰሜን ይነፍሳል። የባሕር ሰው ዓመቱን የሚከፍለው በዚህ ነው። ደራክ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ በመረብም በመንጠቆም ይይዙ ነበር። በረዶ ካለ ዓሣው እንደ ትኩስነቱ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ በረዶ ከሌለ ጨው ይነሰነስበታል። የሻርኩ ሥጋ ደርቆ ወደ የመን ይሻገራል፤ ክንፉ ወደ ሩቅ ምሥራቅ። አፋርኛውንም ዓረብኛውንም የተማሩት እዚያው መረብ ሲጎትቱ ነው። ከዓመታት በኋላ የመንግሥት የዓሣ ድርጅት በሞተር ጀልባ ላይ አለቃ አድርጎ ሾማቸው፤ ካፒቴን የሚለው መጠሪያም ከዚያ ወዲህ ነው።

እኛን ከሁሉ አብልጦ የነካን ግን የድርሻ ሥርዓታቸው ነው። ዓሣው ሲሸጥ አስቀድሞ የነዳጁ፣ የበረዶውና የስንቁ ወጪ ይነሣል። ቀጥሎ የጀልባው ድርሻ ይወጣል። የቀረው ለአለቃውና ለሠራተኛው ይከፋፈላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ በተቀመጠበት፣ ብሩ መሀል ላይ ተዘርግቶ ነው። «ሒሳብ ደብቆ የሚሠራ ናኹዳ በማግስቱ መረብ የሚጎትትለት አያገኝም» ይላሉ። ይህን ዐረፍተ ነገር በከተማችን ስንት ጊዜ እንደሰማነው!

ግንቦት 1983 አሰብ ስትያዝ፣ እንደነገሩን፣ ሴቶችና ሕፃናት በጀልባቸው ጭነው ወደ ጅቡቲዋ ኦቦክ ተሻገሩ። ስለዚያ ሌሊት ብዙ አይናገሩም፤ እኛም አንጎተጉታቸውም። ከጅቡቲ በድሬዳዋ አድርገው፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ። ይዘው የመጡት አንድ ኮምፓስ፣ በላብና በጨው የነተበ አንድ የባሕር ካርታና አንድ ደብተር ብቻ ነበር።

ሞተር ያውቁ ስለነበር ኑሯቸውን በዚያ ጀመሩ። በሮቢ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለማው ገበሬ የውሃ መሳቢያ ሞተሩ ሲቆምበት እሳቸውን ይጠራል፤ ሌሊትም ቢሆን ይሄዳሉ። ገንዘብ የሌለውን «ሽንኩርቱ ሲሸጥ» ብለው ያልፉታል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ የሚቀባበርበት እድራችን ዳኛ አድርጎ የመረጣቸው በዚህ ሥራቸው ነው። ቀጥሎ ሕዝቡ ለከተማው ምክር ቤት መረጣቸው።

ስለ ምክር ቤት ዘመናቸው ብዙ ሊጻፍ ይችላል። እኔ የቦኖውን ነገር ብቻ ልንገራችሁ። በበጋ ውሃ ሲጠብ ሴቶች ከሌሊቱ ጀምረው ጀሪካን ይደረድራሉ፤ ጠብ ይነሣል፤ የቦኖው ገንዘብ የት ይገባል የሚል ሐሜት ይሰማል። ካፒቴን ቦኖው አጠገብ ቁጭ ብለው ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ተራ አወጡ። ስንት ጀሪካን እንደተቀዳ፣ ስንት ብር እንደገባ፣ ለጥገና ስንት እንደወጣ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ግድግዳው ላይ እንዲለጠፍ አደረጉ። ማንበብ ለማይችሉት በወር አንድ ጊዜ በአደባባይ ይነበብ ጀመር። ያን ጊዜ ልጅ የነበርነው ዛሬም አንባቢው ቁጥሮቹን ሲጠራ፣ እናቶቻችን ደግሞ በጣታቸው እየቆጠሩ ሲያረጋግጡ እናስታውሳለን። ሐሜቱ ቆመ። ውሃው ግን አልበዛም፤ ይህንም እሳቸው ራሳቸው ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር።

ሁሉ ነገር ተሳክቶላቸዋል ማለት አይደለም። የከብት ገበያው ከወንዙ ዳር ይነሣ ብለው ያቀረቡት ሐሳብ ነጋዴውን አስቆጣ፤ በሚቀጥለው ምርጫም አልተመረጡም። በእኔ ግምት ሐሳባቸው ትክክል ነበር፤ ገበያው የሚጥለው ቆሻሻ ወንዙን ያበላሸዋል፤ ከታች ያለው ሰው ደግሞ ይጠጣዋል። አቀራረባቸው ግን ችኩል ነበር። ባሕር ላይ አለቃ ካዘዘ ይታዘዛል፤ ከተማ ውስጥ ሰውን አስቀድሞ ማማከር ያስፈልጋል። ከምክር ቤቱ ሲወጡ ወደ ሞተራቸው ተመለሱ። ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል። ሞተር ይዞ የሚመጣ ወጣት ግን አሁንም አይጠፋም፤ በድምፁ ብቻ ሕመሙን ይነግሩታል።

የሐሳቡም መነሻ ይኸው ነው። ሁለት ወጣቶች በስልካቸው የካፒቴንን ወሬ መቅዳት ጀመሩ። ከዚያ ሌሎችም እንዳሉ አስታወሱ። ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ የሠሩ፣ ወደብ ላይ የጫኑና ያወረዱ፣ በ1980 አሰብ ራስ ገዝ ስትባል እዚያው በመንግሥት መሥሪያ ቤት የነበሩ፣ በ1990 ጦርነቱ ሲነሣ ቤት ንብረታቸውን ጥለው የመጡ እናቶች። አንዳንዶቹ ቃላቸውን ሳንቀበል አልፈውብናል። በ2013 እና በ2014 በከተማችንና በአካባቢው በደረሰው መከራ ደግሞ ከየቤቱ ብዙ ፎቶና ወረቀት ጠፋ። አፋርኛና ዓረብኛ እየቀላቀሉ ስለ ነፋስና ስለ ዓሣ የሚያወሩ የሸዋ ሽማግሌዎች ጥቂት ናቸው፤ በየዓመቱም እየቀነሱ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ይህን ከራሳቸው አንደበት ካልሰሙ ሌላ ማን ይነግራቸዋል?

የንባብ ክፍሉን አብረን ያሰብነው በካፒቴን ግፊት ነው። «የሽማግሌ ወሬ ብቻ የተቆለለበት ቤት ማን ይገባበታል? ልጆቹ የሚያጠኑበት ይሁን፤ እያጠኑ ይሰሙናል» አሉ። እውነታቸውን ነው። የከተማችን ልጆች በቆላው ሙቀት፣ በጠባብ ቤት፣ ከታናናሾቻቸው ጋር ተፋፍገው ነው ለፈተና የሚዘጋጁት። ስለዚህ ጣራው ከፍ ብሎ እንዲሠራ፣ መስኮቶቹ ፊት ለፊት ሆነው አየር እንዲያስተላልፉ፣ በረንዳም እንዲኖረው ተስማምተናል።

አሁን የሚያስፈልገው የግድግዳው ቀሪ ሲሚንቶና አሸዋ፣ የጣራው ቆርቆሮና እንጨት፣ በርና መስኮት፣ የመብራት ዝርጋታ፣ ጠረጴዛና ወንበር፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ ነው። ለቃል ክፍሉ ጥሩ ድምፅ መቅጃ፣ አንድ ኮምፒውተርና የተቀዳው ቃል በሁለት ቦታ ተባዝቶ የሚቀመጥበት ዕቃ እንፈልጋለን። ድንጋዩን የአካባቢው ገበሬዎች ሰጥተውናል፤ የግንበኞቹን የቀን ዋጋ እድሩ ሲከፍል ቆይቷል፤ ጉልበት የወጣቱ ነው።

ገንዘብ የሌለው ሰው የሚያግዘን ነገር የለም ብሎ እንዳይቀር አደራ እንላለን። አፋርኛ፣ ዓረብኛ ወይም ትግርኛ የምትችሉ የተቀዳውን እየሰማችሁ በመጻፍ ትረዱናላችሁ። የአሰብ ፎቶ፣ የወደብ መታወቂያ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የቆየ ደብዳቤ ያላችሁ አንሥተን ዋናውን እንመልስላችኋለን። የመማሪያ መጻሕፍት ያላችሁ ላኩልን። መምህራን በክረምት ልጆቹን አስጠኑልን። በሪያድ፣ በጅዳ፣ በዱባይ፣ በአሜሪካ ያላችሁ ልጆቻችን፣ እያንዳንዳችሁ የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ብታዋጡ እንኳን ጣራው ከክረምቱ በፊት ይወጣል። ዝናብ ያለ ጣራ ካገኘው ግን የተሠራውም ግድግዳ ይጎዳል፤ ከሁሉ በፊት ጣራውን የምንለምነውም ለዚህ ነው።

ስለ ገንዘቡ አያያዝ፣ ካፒቴን ባስተማሩን መንገድ እንሄዳለን። የገባውና የወጣው በወር አንድ ጊዜ በእድሩ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ይነበባል፤ ጽሑፉም በሥራ ቦታው አጥር ላይ ይለጠፋል። ከሩቅ ለምትሰጡ የደረሰኙና የወሩ ሒሳብ ፎቶ ይላክላችኋል። ከእድሩ ሒሳብ ብር የሚወጣው በሦስት ሰዎች ፊርማ ብቻ ነው። ስማችሁ እንዲነበብ የማትፈልጉ ከሆነ «አንድ የአገር ልጅ» ተብሎ ይመዘገባል።

የባንክ ሒሳቡን ቁጥር አጭበርባሪ እንዳይጠቀምበት እዚህ አላወጣነውም። ከእድሩ ጸሐፊ ወይም ከገንዘብ ያዡ በአካል፣ ውጭ ያላችሁም በቤተሰቦቻችሁ በኩል ተቀበሉ። ከእነዚህ ከሁለቱ ባልወጣ ቁጥር ገንዘብ እንዳታስገቡ። ሲሚንቶ ወይም ቆርቆሮ በዓይነት የምትሰጡ በቀጥታ ወደ ሥራው ቦታ አምጡ፤ ዘበኛው በደብተር መዝግቦ ይረከባችኋል። ቃላቸውን የሚሰጡ አሰብ የኖሩ አባት ወይም እናት በቤታችሁ ካሉ ንገሩን፤ ወጣቶቹ መቅጃቸውን ይዘው እቤታችሁ ድረስ ይመጣሉ።