የወፍ ወዳጆች ክበብ የ2011 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከወፍ ዋሻ እስከ ጓሳ

ክበባት የመስክ ጉዟቸውን ለግንቦት ማቆየት ይወዳሉ፤ ፈተና ሲቃረብ፣ ምድሩም ሲደርቅ ማለት ነው። የእኛ ክበብ ዘንድሮ በጥቅምት ካልወጣን ብሎ ተሟግቶ ረታ። በጥቅምት ክረምቱ ወጥቷል፣ ምድሩ ግን ገና እርጥብ ነው፤ አደይ አበባውም ጨርሶ አልረገፈም። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሸሹ ወፎች ከአገሬዎቹ ጋር የሚቀላቀሉትም በዚሁ ሰሞን ነው። ርእሰ መምህሩ «አንድ ቅዳሜና እሑድ ብቻ» ብለው ፈቀዱልን። በቃን።

ቅዳሜ ከደብረ ብርሃን ተነሥተን፣ ጣርማ በርን አልፈን፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ወፍ ዋሻ ደን ገባን። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ተደባልቀው ይበቅሉበታል፤ ሽቅብ ሲወጡ ቦታውን አስታ የተባለው የደጋ ቁጥቋጦ ይረከባል። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የመናገሻ ደን የጥድ ዘር ከዚህ እንደተወሰደ ይነገራል። የመጀመሪያው ሰዓት በከንቱ አለፈ ማለት ይቻላል፤ ያን ያህል ልጅ እያወራ ሲመጣ የሚጠብቅ ወፍ የለም። ለሦስት ለሦስት ተከፋፍለው እንዲቀመጡ ካደረግን በኋላ ግን ጫካው ሥራውን ቀጠለ። በመጀመሪያ ግንደ ቆርቁር ተሰማ። ቀጥሎ ዝግባው ላይ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይሮጥ የነበረ አረንጓዴ ወፍ፣ ጉንጨ ነጩ ቱራኮ፣ ለመብረር ክንፉን ሲዘረጋ ደማቅ ቀይ ሆነና ልጆቹ የዝምታውን ስምምነት አፈረሱት። የኬሚስትሪ መምህራችን ይህን በማየታቸው ከሁሉም በላይ ተደስተዋል፤ የክንፉ ቀይ ቀለም መዳብ አለበት። አረንጓዴውም ቢሆን፣ የብዙ ወፎች አረንጓዴ በላባው አሠራርና በብርሃን አማካይነት የሚታይ ሲሆን፣ የቱራኮ ግን ራሱን የቻለ ቀለም ነው።

መሐል ሜዳ ከተማ አደርን። እሑድ ቅዳሴ ያስቀደሱት ተማሪዎች እስኪመለሱ ጠብቀን ወደ መንዙ የሣር ምድር፣ ወደ ጓሳ አመራን። ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ነጠላ ብቻ ደርበው የመጡት ልጆች ይህን ለማወቅ ቁጥሩ አላስፈለጋቸውም። የመንዝ ሰው ይህን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ኖሯል። መሬቱን ለዓመታት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፍትና ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ (ከሣር ለሚሠራው የዝናብ ልብስ) ያጭዳል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢላላም ኅብረተሰቡ በአዲስ መተዳደሪያ መልሶ አቋቁሞታል። እኔ እንደማየው የዚያን ቀን ያየናቸው ወፎች ባለውለታ ይህ የሣር ሕግ ነው።

ረግረጉ ዳር ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ጥንድ ሆነው ሣር ሲግጡ አገኘን። ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም አይገኙም። ሰማያዊው የሚታየው ሲበሩ ነው፤ በእግራቸው ሲሆኑ ግራጫማ ቡኒ ናቸው። ወንዱ ሲያርፍ አንገቱን ወደ ኋላ ቆልምሞ ጀርባው ላይ ጣለው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ «ታሞ ነው?» አለ። አልታመመም፤ አቀማመጡ ነው። ሥዕሉን ለመጨረስ ግን ልጁ የምሳ ሰዓቱን ሠዋ።

እበት ላይ የቆመው ቁራ ደግሞ የብዙዎችን አስተያየት ቀይሯል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ምንቃሩ የወፈረው ቁራ ነው። ምንቃሩን ግራና ቀኝ እየወረወረ እበቱን በተነው፤ ትሉንም አንድ በአንድ ለቀመው። ልጆቹ ሲንቁት የኖሩት ወፍ ስለሆነ ረጅም ጊዜ ማየታቸው አስደስቶኛል። የወፍ ዝርዝር ማስረዘም ቀላል ነው፤ አንዱን ወፍ እስኪበላ ድረስ ማየት ግን ልምምድ ይፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ገደሉ ጫፍ የሄድነው የአንኮበር ሴሪንን ፍለጋ ነበር፤ መንዜ ከጥንት እያያት፣ ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ብቻ የመዘገባት ትንሽ ቡኒ ወፍ ናት። ጉም ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን ሸፈነው፤ ሁለት ልጆች አየናት ይላሉ፣ ሌሎቹ አያምኑም። መዝገቡ ላይ ከጥያቄ ምልክት ጋር ገብታለች።

የቀረው ዓመት በግቢያችን አለፈ። በየሳምንቱ ረቡዕ ከመኝታ ክፍሎቹ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተሰብስበናል፤ የወላጆች ቀን ዐውደ ርእይም አዘጋጅተናል፤ እንግዶች ከፎቶግራፎቹ ይልቅ የልጆቹ ሥዕሎች ላይ ቆዩ። የመስክ ደብተሮቹ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይገኛሉ። አቅርቦ ማሳያ መነጽር ግን አሁንም ለቡድን አንድ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ያለው ወላጅ በአስተማሪዎች ቢሮ በኩል ቢያደርስልን በቀጣዩ ጥቅምት ይሠራል። የዝናብ ልብስም ጭምር።